ቀይ፣ ቦልድ፣ ከሥሩ የተሰመረበት

ጅግጅጋ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። ማስታወቂያና ዜና ድረ ገጹ ላይ የምጭነው እኔ በመሆኔ ሰዉ «የዌብሳይቱ ሰውዬ» ይለኛል። ማዕረጉን አንድም ቀን አልተቃወምኩም። ስለ ዌብሳይት የማውቀው ግን ከጽሑፍ ሳጥኑ በላይ የተደረደሩትን ምልክቶች ብቻ ነው፤ እነሱንም ያወቅኋቸው ሁሉንም በመጫን ነው።

ርዕስ ሲሰጠኝ አገዝፈዋለሁ፣ ቦልድ አደርገዋለሁ፣ ቀይ እቀባዋለሁ፣ በዚያ ላይ ከሥሩ አሰምርበታለሁ። አንባቢ መስመሩን ሲያይ ሊንክ ይመስለውና ደጋግሞ ይነካዋል። «አይከፍትም እኮ» ብሎ ሲደውል «ኔትወርክ ነው» እላለሁ። በዚህ ከተማ ኔትወርክ ያለ ጥፋቱ የተሰደበው በአብዛኛው በእኔ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

የብራና ጸሐፊዎቻችንም ቀይ ቀለም ነበራቸው። የሚያነሡት ግን ለመክፈቻው መስመርና ለቅዱሳን ስም ነበር። እኔ «የጽዳት ዕቃ ግዥ ጨረታ» የሚለውን አቀላሁት። ኢታሊክም አላመለጠችኝም። የግዕዝ ፊደል ዘንበል ያለ ቅርጽ ተሠርቶለት እምብዛም አይገኝም፤ ምልክቱን ስንጫን ኮምፒውተሩ ራሱ ገፍቶ ያጋድመዋል። የአለቃችን ንግግር በእኔ እጅ ሲወጣ እያንዳንዱ ቃል የካራማራ ነፋስ የመታው ይመስላል።

ከሁሉ የከፋው የስፔስ ሱሴ ነው። ሰንጠረዥ የሚሠራ ምልክት እዚያው እያለ እኔ ስፔስ እየመታሁ ዓምድ እደረድራለሁ። የሥልጠና ምዝገባ ፕሮግራም ያወጣሁ ጊዜ ቀብሪበያህ፣ አውበሬና ቶጎ ውጫሌ ከነቀናቸው በቢሮው ሰፊ ስክሪን ላይ እንደ ወታደር ተሰልፈው ነበር። በስልክ ጠባብ መስታወት ላይ ግን መስመሩ ተሰበረና የአንዱ ቀን ከሌላው ከተማ ስም ሥር ገባ። በማይሆን ቀን ከአውበሬ ድረስ የመጡ እናት ስልካቸውን ሲያሳዩኝ እኔ ማሳያዬ የቢሮው ኮምፒውተር ነበር፤ «እዚህ ላይ ትክክል ነው» ብዬ ተከራከርኳቸው። የመጡበትን የትራንስፖርት ሒሳብ ግን ማንም አልመለሰላቸውም።

ሌላም አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም እኔ በዱሮ ፎንት የተጻፉ ፋይሎቼን አልጣልኩም ነበር። አንዱን ቀድቼ ስለጥፈው አማርኛው ወደ ላቲን ፊደልና ወደ ምልክት ተለወጠ። የሚገርመው፣ ማንም አልጮኸም። ሶማልኛ በላቲን ስለሚጻፍ አማርኛ አንባቢው «ሶማልኛ ነው» ብሎ አለፈው፤ ሶማልኛ አንባቢው ደግሞ እንግሊዝኛ መስሎት ተወው። በእውነተኛው ሶማልኛ ጽሑፍ ላይም እጄን አልሰበሰብኩም። ከፊደል በላይ የምትንጠለጠለውን ጭረት ቆሻሻ መስላኝ አጸዳኋት፤ ለካ ድምፅ ያላት ናት። የአማርኛውን አራት ነጥብም ሁለት ነጥብ ደጋግሜ በመምታት ነበር የምሠራው። ስልክ ላይ አንዱ ከመስመሩ ጫፍ ይቀራል፣ ሌላው ከታች መስመር መጀመሪያ ላይ ይወድቃል።

አብሮኝ የሚሠራ ወጣት መላ አምጥቶልኝ ነበር። «አዴር፣ ማርክዳውን ተጠቀም» አለኝ። በ2004 እ.ኤ.አ. ጆን ግሩበር የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ ያወጣው የአጻጻፍ ስልት ነው፦ ርዕስ ሲሆን ከፊቱ የመሰላል ምልክት፣ ዝርዝር ሲሆን ጭረት፣ ቦልድ ሲሆን ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ኮከብ። በቃ። እኔ ግን ተቆጣሁ። «ዋርያ፣ እኔ ፕሮግራመር ነኝ እንዴ?» አልኩት። በዚያው ሰሞን በዋትስአፕ ለመላው ዘመድ አዝማድ «ዒድ ሙባረክ»ን በኮከብ መሃል አድርጌ እያደመቅሁ እልክ ነበር። ዘዴው ከሞላ ጎደል ያው ነው። ልዩነቱ ያኛውን ማንም «ተማር» ብሎ አላዘዘኝም፤ እኔን የሚከብደኝ ከታናሽ መማር ነው።

ልጁ የነገረኝ አንድ ነገር ግን እስካሁን ይቆረቁረኛል። ዓይነ ስውር አንባቢ ገጹን በድምፅ አንባቢ ሲሰማ ከርዕስ ወደ ርዕስ መዝለል የሚችለው ርዕሱ በርዕስነት ከተመዘገበ ነው። የእኔ ግዙፍ ቀይ ጽሑፍ ለእሱ እንደ ማንኛውም አንቀጽ ነው። ያ ሁሉ ጌጥ የተደረገው ለማን እንደነበር ተገለጠ፤ ለእኔ ነው።

ከዎርድ እየቀዳችሁ ድረ ገጽ ላይ የምትለጥፉ የሙያ ጓደኞቼ፣ ኮንትሮልና ቪ ስትጫኑ ሺፍትን ጨምሩበት፤ በአብዛኛው ብሮውዘር ላይ ጽሑፉ ጌጡን ጥሎ ይገባል። ርዕሱን ከርዕስ ምርጫው ስጡት፣ ቀን ያለበትን ነገር በሰንጠረዥ አውጡ፤ ከመልቀቃችሁ በፊትም በስልካችሁ እዩት።