ወንድ ልጅና ኪሮሽ

ዳንቴልን የገደለው የቻይና ዕቃ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ገዳዩ ቴሌቪዥን ነው ባይ ነኝ። ያ ጀርባው ወደ ኋላ የተዘረጋ ወፍራም ቴሌቪዥን በነበረበት ዘመን፣ ኮልፌ ውስጥ ራቁቱን የሚታይ የሳሎን ዕቃ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይለብሳል፤ ቴፑ ይለብሳል፤ የሶፋው ክንድና መደገፊያ ይለብሳል። ፍሪጅ ያለው ቤት ደግሞ ከፍሪጁ በላይ ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ በላይ የፕላስቲክ አበባ ይደረድራል። በስክሪኑ ላይ ሦስት ማዕዘን ሆና የምትወርደው ጫፍ የዜና አንባቢውን ግንባር ስለምትሸፍን፣ በዜና ሰዓት ወደ ላይ ትገለበጥና ዜናው ሲያበቃ በክብር ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ኋላ ቴሌቪዥን ቀጠነና ግድግዳ ላይ ወጣ። ጣት በማታክል ጠርዝ ላይ ምን ይነጠፋል?

ዳንቴሉ ሲወርድ ኪሮሹም ሥራ ፈታ። የእናቴ ኪሮሽ ከአዝራርና ከክር ቁራጭ ጋር በከረሜላ ጣሳ ውስጥ ዓመታት ተኝታ፣ እኔ ጡረታ ስወጣ እጄ ገባች። ሁለት ሥራ ፈቶች ተገናኘን።

ኮልፌ መሣሪያ የያዘ ወንድ አይታ የማታውቅ ሰፈር አይደለችም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት መጥቶ ተኩስና ፈንጂ የተማረው እዚሁ፣ ከፈጥኖ ደራሽ ፖሊሶች ዘንድ ነው። ኪሮሽ የያዘ ወንድ ግን አልለመደችም። አንድ ቀን ከ18 ማዞሪያ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ የልጅ ልጄን ኮፍያ እየሠራሁ ሳለ ረዳቱ ሂሳብ መሰብሰቡን ትቶ አፈጠጠብኝ።

«ፋዘር፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ኮፍያ።»

«ማዘር የሉም እንዴ?»

ባለቤቴ በሕይወት እንዳለች፣ እንዲያውም ደህና እንደሆነች ለማስረዳት አፌን ስከፍት ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ማስተባበሉ ነውር መሰለኝ። አጽናንተውኝ ወረዱ።

የሚገርመኝ ነገር፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ከክር ጋር የኖሩ ወንድ ናቸው። በልጅነታቸው ከዶርዜ መጥተው ይኸው እስከ ዛሬ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደው ሲሸምኑ ይውላሉ። እሳቸውን «ማዘር የሉም ወይ» ብሎ የጠየቀ የለም። ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ተብሎ ድሮ ተከፋፍሎ አልቋል፤ ኪሮሽ ዘግይቶ ስለመጣ ለሴቶች ተመረቀ። ደግሞ ወንድነቱም ሸማኔን ከስድብ አላዳነውም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውንም ቀጥቃጩንም በሥራው እንዳትሰድቡ ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ አዋጁን ሰምቶ ወዲያው የሄደ አይመስለኝም። ሸማውን በዓል በመጣ ቁጥር እየለበሰ ሠሪውን የሚንቅ ሕዝብ ምን ዓይነት ሆድ እንዳለው አይገባኝም።

ወደ ዕቃዬ ልመለስ። ለእንጀራው የሚሠራና ለደስታው የሚሠራ ሰው የሚለዩት በዕቃ ብዛት ነው። እናቴ በአንዲት ኪሮሽ ቤቱን በሙሉ አልብሳለች። እኔ ከሁለት ሚሊ ሜትር እስከ ስምንት ሚሊ ሜትር ቁጥራቸው የተቀረጸባቸው፣ እጀታቸው ጎማ የለበሰ ኪሮሾች አሉኝ። የሹራብ መርፌ አለኝ። መርፌዎቹ በገመድ የተያያዙ፣ አንገትና እጅጌን ሳይሰፉ ዙሪያውን ለመሥራት የሚያገለግሉም አሉኝ። እነዚህን አሜሪካ ያለችውን የእህቴን ልጅ «መርፌ ላኪልኝ» ብያት፣ «ጋሼ፣ ስኳር ያዘህ እንዴ?» ብላ በእንባ ከደወለች በኋላ ነው ያገኘኋቸው። ይህን ሁሉ ሰብስቤ የጨረስኩት ሹራብ ግን ከእናቴ የአንድ ክረምት ሥራ አይደርስም።

በልጅነቴ የሰፈራችን ሴቶች ሹራብ የሚሠሩት በብስክሌት ጎማ ሽቦ ነበር። ጫፉ ድንጋይ ላይ ተስሎ ይሾልና በቃ፣ መርፌ ነው። እኔም አንድ ጊዜ አጠና ተራ ሄጄ የቀርከሃ ቁራጭ ለመንኩ፤ አናጢ ጠረበልኝ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ከውጭ ከመጣው ሁሉ እሱን ወደድኩት። ብረት ያንሸራትታል፤ ለፈጣን እጅ ጥሩ ነው፣ እንደ እኔ ላለው ዘገምተኛ ግን ክሩ ከመርፌው ሾልኮ አንድ መስመር ሙሉ ይተረተራል። ቀርከሃ ክሩን ያዝ ያደርግና ዕድሜ ይሰጣል።

ጋሼ ቦርሳዬን ከፍተው አንድ በአንድ አዩት። «ከእጅ አይሻል ዶማ» አሉና ዘጉት። የእሳቸው ዕቃ ሁሉም እንጨት ነው። መወርወሪያቸው መሐሉ ተቦርቡሮ ማግ የተጠመጠመበት ቀሰም ተቀምጦበታል፤ ጎንና ጎኑ ከመዳፍ ብዛት ጠቁሮ ዘይት የተቀባ ይመስላል። ድሩ ሲበጠስ ሁለቱን ጫፍ በምራቅ ነካ ያደርጉና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል አንዴ ያከሩታል። መጋጠሚያውን ልፈልግ ብዬ መነጽሬን ባደርግም አላገኘሁትም።

ዋጋ ላይ ስንደርስ ነው ከጋሼ ጋር የተጣላነው። አንዲት ጎረቤት ሹራብ ወዳ «በስንት ትሠራልኛለህ?» አለችኝ። አሰብኩት። የክሩ ሂሳብ ብቻ መርካቶ ከሚሸጠው ሰልባጅ ሹራብ ይበልጣል። በላዩ ላይ የክረምቱን ምሽት ሁሉ ልደምርበት? «የእጅ ሥራ ዋጋ የለውም» አልኩና በነጻ ሰጠኋት። መረቀችኝ፤ እኔም አንድ ስንዝር የረዘምኩ መሰለኝ።

ጋሼ ግን ሰምተው ጦፉ። «አንተ ጡረታ አለህ፣ ዋጋ የለውም ብለህ ትመረቃለህ። እኔ ዋጋ አለው ስል ወንበዴ እባላለሁ» አሉ። ከዚያ የጋቢን ሂሳብ አወረዱልኝ። ድሩ የፋብሪካ ነው ይባል፤ ማጉስ? ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ አንዲት ሴት ቁጭ ብላ በእንዝርት ትፈትለዋለች። ጋቢ ደግሞ አራት እጥፍ ነው። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ገበያ የወጣ ሰው፣ የጥበብ ሥዕል ታትሞበት ከቻይና በጥቅል ከመጣ ጨርቅ ጋር ጎን ለጎን ተሰቅሎ «ቀንስ» ይባላል። መልስ አጣሁ። «ዋጋ የለውም» ማለት ጡረተኛ ብቻ የሚችለው ቅንጦት እንደሆነ እስከዚያች ቀን ሰው ነግሮኝ አያውቅም።

ስለ እጅ ሥራና ስለ ዕቃ ካነሣሁ አይቀር፣ እዚሁ ክፍለ ከተማችን፣ ዘነበወርቅ፣ በ1958 ዓ.ም. በተመሠረተው አለርት ግቢ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የነበሩ ሰዎች ሲፈትሉ፣ ሲሸምኑና ሲጠልፉ ኖረዋል። ሥጋ ደዌ የጣትን ነርቭ ይጎዳል፤ ጣት ሲደነዝዝ መርፌ ቢወጋውም አይሰማውም። ጣቴን የጎማ እጀታ ካልደገፈው እያልኩ የማማርር ሰው ያንን ጥልፍ አይቼ ስለ ምቹ ኪሮሽ ማውራት ለጊዜው ተውኩ። ለጊዜው ነው ያልኩት።

ባለፈው ሐምሌ ብርዱ ሲጠና ጋሼ ራሳቸው መጡ። ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ ፈልገዋል።

«ግድ የለም ጋሼ፣ ልሥራልዎት፤ በነጻ።»

«በነጻ አልፈልግም። ስንት?»

እንግዲህ ተምሬያለሁ። ክሩን ደመርኩ፣ ምሽቱን ደመርኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ ጠራሁላቸው። ኮፍያው ሲያልቅ ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሡት፣ በሁለት እጃቸው ለጠጡት፣ ገለበጡት፣ ጠርዙን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉና ሳቅ አሉ።

«ይሄ እኮ ክር ብቻ ነው» አሉኝ። «ግማሹን ውሰድ።»

ተናደድኩ፤ ከልቤ። ተከራከርኩ፣ ማልኩ፣ አልሸጥም ብዬ ኮፍያውን ቀማኋቸው። እሳቸው ሊሄዱ በሩ ድረስ ወጡ፤ ጠርቼ መለስኳቸው። በሁለት ሦስተኛው ተስማማን። ገንዘቡን ቆጥረው ሲሰጡኝ የግራ ጆሮው ሰፋ ብሏል ብለው ሃምሳ ብር መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።