በይሉኝታ የመወጋት ዘዴ

ለሠርግ ፊቷን በመርፌ ልታሳምር ላሰበች የመርሳ ከተማ እህቴ፣ ጉዳት እንዳያመልጣት የተጻፈ ምክር።

አንደኛ፦ ስሙን አትጠይቂ። «የውበት መርፌ» ከተባልሽ ይበቃል። ቦቶክስ ጡንቻን ለጥቂት ወራት እንዲዝል ያደርጋል፤ ፊለር ቆዳ ሥር ገብቶ ይሞላል፤ ፈሳሽ ሲሊኮን አንዴ ከገባ ማውጣቱ ጭንቅ ነው። ይህን ለይታ የምታውቅ ሰው መጠየቋ ስለማይቀር፣ አንቺ አትወቂ።

ሁለተኛ፦ ብልቃጡን አትመልከቺ። ቦቶክስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ከአዲስ አበባ ወደ 500 ኪሎ ሜትር በሻንጣ ተጉዞ መርሳ ሙቀት ውስጥ ቢደርስም «ፍሪጅ ውስጥ ነበር ወይ?» ማለት ያሳፍራል።

ሦስተኛ፦ ፈቃድ አትጠይቂ። የምትወጋሽ የአክስትሽ ልጅ ጓደኛ ናት፤ ብትጠይቂያት ትቀየምሻለች። በ2023 መጨረሻና በ2024 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ11 ግዛቶች 22 ሰዎች ፈቃድ ወይም ሥልጠና በሌላቸው እጆች ወይም ከሕክምና ተቋም ውጪ የቦቶክስ መርፌ ተወግተው ታመዋል፤ ግማሾቹ ሆስፒታል ገብተዋል።

አራተኛ፦ መርፌው ከማሸጊያው ሲወጣ ዓይንሽን ጨፍኚ። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ፈቃድ በሌለው የውበት ቤት ከደማቸው በተቀመመ መርፌ ፊታቸውን ያሠሩ ሴቶች ኤች አይ ቪ ተገኝቶባቸዋል።

አምስተኛ፦ ሲያምሽ ቻይው። ፊለር የደም ሥር ከዘጋ ቆዳው ይነጣል፣ ያማል፤ ቆይቶ ሥጋው ይሞታል፣ ዓይንም ሊጠፋ ይችላል። የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለርን የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ የሚጠቅመው ግን ቶሎ ከደረሰ ነው። አንቺ እስከ ጠዋት ጠብቂ።

ፌዙ እዚህ ይብቃ። አገራችን ውስጥ ሰው የሚጎዳው ሁሌ ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ እያወቀ ሰው ላለማስቀየም ዝም ስለሚልም ነው። ስለዚህ አራት ነገር ጠይቂ፦ ምን እንደሆነ፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መዝግቦት እንደሆነ፣ የሚወጋሽ ሰው የሙያ ፈቃድ እንዳለው፣ አንድ ነገር ቢፈጠር በእጁ ምን መድኃኒት እንዳለ። ተወግተሽ መዋጥ፣ መናገር ወይም መተንፈስ ቢያቅትሽ፣ ዓይንሽም ቢደበዝዝ፣ ቀናት ቢያልፉም እንኳ ሳትዘገዪ ወልድያ ሆስፒታል ሂጂ። ብልቃጡን ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ የገባብሽን ያወቀ እንደሆነ የሚረዳሽን ያውቃል። አጠራጣሪ መድኃኒት ካየሽም በባለሥልጣኑ ነጻ መስመር 8482 ጠቁሚ።

ለአራቱ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ ፊትሽ ላይ መርፌ አያንሣ።