ዳንቴል የለበሰው ዋይፋይ

አዲስ አበባ ውስጥ የኪራይ ቤት የሚፈልግ ሰው ዱሮ ሁለት ነገር ነበር የሚጠይቀው፦ ውሃ በሳምንት ስንቴ ይመጣል? ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? አሁን ሦስተኛ ተጨምሯል፤ «ዋይፋይ አለው?» አከራይ ሁሉ «አለው፤ ያውም ፈጣን!» ይላል። አልዋሸም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እውነትም ፈጣን ነው።

እኛ ግቢ ሰባት ክፍል፣ አንድ መስመር አለ። መስመሩ 4 ሜጋ ቢት ነው። አከራያችን እትዬ ከየክፍሉ በወር 300 ብር ይቀበላሉ፤ ድምሩን ከመስመሩ ክፍያ ጋር ማስተያየት የተከራይ ወግ ስላልሆነ እተወዋለሁ። ሌላውን ሒሳብ ግን ልናገር። 4 ሜጋ ቢት ማለት በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ባይት ነው። ማታ ሁላችንም ስንገባ ለሰባት ሲካፈል ለአንድ ክፍል 70 ኪሎ ባይት ገደማ ይደርሳል። እናቴ የላከችልኝ 3 ሜጋ ባይት ፎቶ ከ40 ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ መጀመሪያ ሻሿ፣ ቆይቶ ግንባሯ፣ እግዜር ካለ አገጯ።

በአንድ መስመር ለሰባት እንድንጠቀም ያስቻሉንን መሐንዲሶች አላማም። የኢንተርኔት አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለነበር እንዳያልቅ ሰግተው፣ በ1990ዎቹ አንድ ቤት ያሉ ኮምፒውተሮች በአንድ አድራሻ ተጠልለው የሚወጡበትን ዘዴ አበጁ። ራውተሩ ለውስጥ ሰው በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ያድላል፤ በውጭ ለሚያየን ግን ሰባታችንም አንድ ሰው ነን። ዘዴው አድራሻ ያብቃቃል እንጂ ፍጥነት አያበዛም። እትዬ ግን ምእመን ናቸው፤ አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ ያን ሁሉ ሕዝብ ካጠገበ፣ 4 ሜጋ ቢት ሰባት ክፍል የማያጠግብበት ምክንያት አይታያቸውም። ያኔ አሥራ ሁለት መሶብ ተርፏል። እኛ ጋ የሚተርፈው ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረው ክብ ናት።

ራውተሩ የሚኖረው ሳሎን፣ ቡፌ ውስጥ፣ ከሠርግ ብርጭቆዎቹ መሐል ነው። አቧራ እንዳይነካው ነጭ ዳንቴል ለብሷል፤ አንቴናዎቹ ዳንቴሉን እንዳያበላሹ ታጥፈዋል። የቡፌው ጀርባ መስታወት ስለሆነ ሞገዱን ወደ እትዬ ሶፋ ይመልሰዋል፤ የተረፈውን የኛ ክፍል ቆርቆሮ ይቀበለዋል። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ እትዬ ጀርባውን ዳበስ ያደርጉና «ጋለ፤ እሱም ይረፍ እንጂ!» ብለው ከሶኬቱ ይነቅሉታል። ስለ ሠራተኛ መብት እንዲህ የሚቆረቆር አሠሪ አላየሁም።

እኛስ? ሲንቀራፈፍ በረንዳ ላይ ወጥተን «ማነው ፊልም የሚያወርደው?» እንጯጯሃለን፤ ማንም አያወርድም። የአራት ቁጥር ክፍል ተከራይ ማራዘሚያ ገዝቶ ለጎረቤት ግቢ ያከፋፍላል ይባላል። የይለፍ ቃሉ የእትዬ ስልክ ቁጥር ስለሆነ የሱቁ ልጅም በቃሉ ያውቀዋል። እኔም ብሆን ለሁለት ጓደኞቼ ብቻ ነው የሰጠሁት።

ብዙ ራውተሮች ለየተጠቃሚው ፍጥነት መመደብ ይችላሉ፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማስተካከያው ውስጥ ቢገባ ይበቃል። ግን ማን ደፍሮ ከሠርግ ብርጭቆ መሐል እጁን ይሰዳል?

እትዬ፣ 300 ብሩን ከወር ወር ሳላጓድል እከፍላለሁ። ዳንቴሉም ይቅር፤ ያምርበታል። ከቡፌው ብቻ ያውጡልን።