ጠፋ ወይስ ጮኸ?

እንግሊዞች በግስ ላይ ቆጣቢ ናቸው። ለመብራቱም፣ ለቦምቡም፣ ለወተቱም፣ ለፍቅሩም «ጎ ኦፍ» አንዷ ትበቃለች ብለዋል። መብራት «ጎ ኦፍ» ካደረገ ጠፋ ማለት ነው። የማንቂያ ደወልስ? «እሱም ጠፋ» ብሎ ብርድ ልብሱን የተከናነበ ተማሪ ከፈተናው ይቀራል፤ ደወሉ እኮ እየጮኸ ነው! እሳት በተነሳበት ሕንፃ ውስጥ ደወሉ መጮህ ሲጀምር መብራቱ ማብራት ቢያቆም፣ ጀማሪውም አቋሚውም የሚነገርላቸው በዚያችው ግስ ነው። ቦምብ ሲሆን ይፈነዳል፣ ወተት ሲሆን ይበላሻል። አንዲት ለንደናዊት ፍቅረኛዋን «ጎ ኦፍ» ካደረገችው ደግሞ ልቧ ከእሱ ሸፍቷል፤ የፈነዳም የተበላሸም ነገር ላይኖር ይችላል።

ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ ባዕዳንን እጅግ የሚያስቸግሩት እንዲህ ያሉ ጥምር ግሶች መሆናቸውን አምኗል። አምኖ፣ በጥንቃቄ መዝግቦ አለፈ። ለችግራችን እውቅና ስለሰጠን እናመሰግናለን።

እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። እንጀራውም፣ ጉቦውም፣ መሐላውም የሚበላው በአንድ አፍ ነው። ቢያንስ ግን የእኛው በላተኛ ምንም ይብላ ምን ሆዱ ይሞላል።

ለማንኛውም፣ ለንደን ውስጥ «ኢት ዌንት ኦፍ!» እያለ የሚሮጥ ሰው ካያችሁ፣ ወተት ይሁን ቦምብ ብላችሁ አትጠይቁ፤ አብራችሁት ሩጡ።