እየከፈልኩ ስለምታነቅበት ጉዳይ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤
መካነ ሰላም፣ ቦረና

እኔ ከእናንተ ናፍቆትና ከአንገቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። የአንገቴን ወሬ እናቴ ቀድማ ሰምታለች። ስታነቅ የተነሳሁትን ፎቶ ማን እንዳሳያት እንጃ፣ ብቻ «ልጅሽ አሜሪካ ገብቶ በየወሩ እየከፈለ ይታነቃል» ብለዋት ጸበል ልትገባልኝ ተነስታለች አሉ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ነገሩን በሌላ በኩል አይቶ «ለመታነቂያ የሚከፍለው ካለው ለቤታችን ቆርቆሮ ለምን አይልክም?» ብሏል። ቆርቆሮው ይላካል። ለእርስዎ መጻፌ ግን ከዘመዱ ሁሉ ትግል የሚያውቅ እርስዎ ስለሆኑ ነው። አንብበው፣ የሚነገረውን ከማይነገረው ለይተው ለእናቴ ያስረዱልኝ።

የምማረው ትግል የብራዚል ጁጂትሱ ይባላል። ብራዚል ይባል እንጂ ዘሩ ጃፓን ነው። ጂጎሮ ካኖ የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ላይ ጁዶን መሠረተ። ከእሱ ትምህርት ቤት የወጣ ሚትሱዮ ማኤዳ የሚባል ታጋይ አገር ላገር ሲዞር ቆይቶ በ1914 ብራዚል ደረሰና ካርሎስ ግሬሲ የተባለ ወጣት አስተማረ። የካርሎስ ታናሽ ወንድም ኤልዮ ሰውነቱ ቀጫጫ ስለነበር በጉልበት እንቢ ያለውን በዘዴ እየፈታ የመሬቱን ትግል ለራሱ አቅም እንዲስማማ አደረገው ይባላል። የኤልዮ ልጅ ሮይስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1993 እዚሁ እኔ ያለሁበት ዴንቨር መጥቶ፣ 80 ኪሎ በሚሆን ሰውነቱ አንድ ቦክሰኛ፣ አንድ ታጋይና አንድ በእግር የሚማታ ሰው በአንድ ምሽት ተራ በተራ እጅ አሰጠ። ይህ ትግል ከእኔ የበለጠ ድንበር ተሻግሯል፤ ቪዛ ግን ማንም አልከለከለው።

የዴንቨር ሰዎች «ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ነን፣ አየር ያጥራል» እያሉ እንግዳ ያስፈራራሉ። መካነ ሰላም ላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ለተወለደ ይህ ወይና ደጋ ነው። በረዷቸውም የአቀስታን ውርጭ ለሚያውቅ አዲስ ነገር አይደለም። እኔን ትንፋሽ ያሳጠረኝ የሰው ክንድ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እርስዎ መስኩ ላይ ያስተማሩን ሕግ አንድ ነበር፤ ጀርባው መሬት የነካ ወደቀ። የወደቀም አቧራውን አራግፎ ከብት ሊመልስ ይሄዳል። እዚህ ትምህርቱ የሚጀምረው እኛ ከምንጨርስበት ነው። አሰልጣኙ «ተኛ» አለኝ፤ ተኛሁ። ሌላው ሰው እግሮቼ መሃል ተንበረከከ። እግሬን ወገቡ ላይ ጠምጥሜ ቁርጭምጭሚቴን እንዳቆላልፍ ታዘዝኩ። እርስዎ ቢያዩኝ ኖሮ ጋቢዎን ተከናንበው ይሄዱ ነበር። አሰልጣኙ ግን «አሁን ጥሩ ቦታ ላይ ነህ» አለኝ። እኔም ለፌዝ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ሰሞኑን የያዝነው አያያዝ ኦቨርሁክ ይባላል። ላዬ ላይ የተንበረከከው ሰው ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ከቆየ ጌታው እሱ ነው። ስለዚህ ኮሌታውን በእጄ፣ ወገቡን በጉልበቴ ወደ ራሴ እስበዋለሁ። እሱ እንዳይደፋ እጁን ምንጣፉ ላይ ይተክላል። ያኔ ክንዴን ከክንዱ በላይ አሳልፌ፣ ትከሻው አጠገብ ጠምጥሜ፣ ክርኔን ጎኔ ላይ አጥብቄ፣ መዳፌን የገዛ ደረቴ ላይ አሳርፋለሁ። ክንዱ ብብቴ ስር ቀረ። ዶሮ ብብቱ ስር ሸጉጦ ገበያ እንደሚወጣ ሰው ነው፤ ካላሉላት ትበራለች፣ አለቅጥ ከጨመቋት ገበያ ሳይደርሱ ትሞታለች። አሰልጣኙ ሲጮህብኝ የሚያመሸውም ስለ ክርኔ ነው። ክርኔ ከጎኔ ትንሽ ከራቀ ሰውየው ክንዱን መዝዞ ያወጣና ነገሩ እንደገና ከሀ ይጀመራል።

ከያዝኩት በኋላም ዝርግ ብዬ አልተኛም፤ ዳሌዬን አሸሽቼ በጎኔ እዞራለሁ። ሰውየው ቀና ልበል ካለ እኔን ሙሉ በአንድ ክንዱ ተሸክሞ መነሳት አለበት። ሌላ እጁን ወደ ሆዱ ገፍቼ እግሬን ትከሻው ላይ ካሳለፍኩ ደግሞ አንገቱና የያዝኩት ክንዱ ሁለት እግሬ መሃል ይቀረቀራሉ። ቀጥሎ የሚሆነውን ለእናቴ አያንብቡላት፤ የሚጨመቀው ጉሮሮው ሳይሆን በአንገቱ ግራና ቀኝ ወደ ራሱ የሚወጣው የደም ስር ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት እኔ ላይ ተደርጎ ነው። አብራን የምትሠለጥን አንዲት ነርስ አለች፤ እህል የተሸከመች አትመስልም። ክንዴን እንዲህ አድርጋ ያዘችብኝ። እኔ የቦረና ልጅ፣ ማገዶ ተሸክሜ ዳገት ወጥቼ ያደግሁ፣ ክንዴን ለማስለቀቅ በጉልበት ጎተትሁ። በጎተትሁ ቁጥር እሷ ተጎትታ ይበልጥ ተጣበቀችብኝ። ወዲያው እግሯ ትከሻዬ ላይ ወጣ፤ መብራቱ ደበዘዘብኝ። እግሯን ቸብ ቸብ አደረግሁ። ቸብ ቸብ ከተደረገ ያ ሰው በዚያው ቅጽበት ይለቃል፤ የዚህ ቤት ትልቁ ሕግ ይህ ነው። ለቀቀችኝና «ደህና ነህ?» አለችኝ። እኛ አገር ጥሎ ጤና የሚጠይቅ አላየሁም። ለእናቴ የሚነገራት እንግዲህ ይህ ነው፤ ልጇ የሚታነቀው ይበቃኛል እስኪል ብቻ ነው፣ ያነቀችውም ነርስ ናት።

አጎቴ፣ ይህን አያያዝ ስማር እርስዎ ትዝ ይሉኛል። «በብብቱ ስር ግባና አንሳው» ይሉን ነበር፤ የስንቱን ልጅ ጀርባ መሬት ያስነኩትም በዚያ ነው። እውነትም በብብት ስር የገባ ያሸንፋል፤ እዚህም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። ኦቨርሁክ ለዚያ የተገኘ መልስ ነው። የገባውን ክንድ ከላይ ጠምጥመው፣ ዳሌዎን አስጠግተው ክብደትዎን ሲጭኑበት ማንሳት የፈለገው ሰው ራሱ ይጎብጣል። ቆመውም ይሠራል፤ መተኛት አያስፈልግም፤ ጋቢዎም አያድፍም።

በአገራችን የባህል ስፖርቶች ውድድር ትግል ከገና፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር ራሱን ችሎ ይካሄዳል። ከቦረና መስክ ለዚያ የሚበቃ ልጅ አይጠፋም። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎ። ልጆቹ ሲታገሉ ጀርባው መሬት በነካው ላይ አይሳቁበት፣ ከብት መላሽም አያድርጉት። ከላይ ጠምጥሞ መያዙን ያሳዩትና ይድገም ይበሉት፤ መያዝ የቻለ ልጅ ገና አልተሸነፈም።

የእህትዎ ልጅ
ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ