ሰባት በሬ በ22 ብር

ኮምፒውተር ሳይንስ ልማር ብሎ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ኮምፒውተሩን ገና ሳይጠግበው ዲስክሪት ማቲማቲክስ ይጠብቀዋል። እኛ ባጭሩ «ዲስክሪት» እንለዋለን፤ ስሙን የምንጠራው ግን እንደ ክፉ በሽታ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። ስብስብ፣ ሎጂክ፣ ግራፍ፣ ቀሪ፤ ሁሉም አንድ፣ ሁለት ተብሎ የሚቆጠር ነገር ነው። እንደ ካልኩለስ የሚፈስና የሚጠጋጋ ነገር የለበትም። ሲያዩት የሕፃን ትምህርት ይመስላል፤ ሚድ ፈተና ሲመጣ ግን የሕፃን ለቅሶ ያስለቅሳል።

አክስቴ መርካቶ፣ ሸማ ተራ ሱቅ አላት። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እውላለሁ። ብርድ ልብስ ከተቆለለበት ጀርባ ተቀምጬ የትሩዝ ቴብል (የእውነትና የሐሰት ሠንጠረዥ) ስሞላ፣ አንዷ ገዢ «መጨረሻው ስንት ነው?» ብላ ብትጠይቀኝ «ሐሰት» ብዬ መለስኩላት። ሴትዮዋ ዋጋ የደበቅኳት መስሏት ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄደች። አክስቴ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

ነገሩ የተጀመረው ከአንድ የዲስክሪት ሃንድአውት ነው። «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚል ርዕስ አየሁና ደረቴ ተነፋ። ፕሮግራም አዋቂዎች በዓለም ዙሪያ በዚህ ስም ያውቁታል፤ የራሺያ ገበሬዎች ማባዣ የሚሉትም አሉ። ከማባዣው ጋር የሚነገር ተረክ አለ። አንድ ኮሎኔል ኢትዮጵያ ውስጥ ሰባት በሬ እያንዳንዱን በ22 ብር ሊገዛ ፈለገ፤ ማባዛት የሚችል ጠፋ፤ ቄስ ተጠሩ፤ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ጠጠር ተቆጠረ።

አሠራሩ ይህ ነው። 22ን እየገመስክ ትወርዳለህ፤ ፍርፋሪውን ትጥላለህ፦ 22፣ 11፣ 5፣ 2፣ 1። በትይዩ ሰባትን እጥፍ እያደረግክ ትወርዳለህ፦ 7፣ 14፣ 28፣ 56፣ 112። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን ረድፍ ትሰርዛለህ። የቀሩትን 14፣ 28 እና 112 ስትደምር 154። ምትሐት አይደለም፤ 22 ማለት 16 ሲደመር 4 ሲደመር 2 ስለሆነ ነው። ቄሱ ሳያውቁት ቁጥሩን በዜሮና በአንድ እየጻፉት ነበር፤ ኮምፒውተር የሚሠራውም በዚሁ ነው። እጥፍ ማድረጉን ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ገደማ አህሜስ የተባለው የግብፅ ጸሐፊ በፓፒረስ ላይ አስቀምጦታል።

እንግዲህ የኢትዮጵያ ከሆነ መርካቶ ውስጥ መገኘት አለበት አልኩ። ጣልያን በወረራው ጊዜ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ አንስቶ ወደዚህ ካመጣው ጀምሮ እዚህ ያልተባዛ ነገር የለም። ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ወጣሁ። ደብተሩ ነው ጉድ ያመጣብኝ።

«ይቅርታ፣ ዋጋ ሲያባዙ በምን ዘዴ ነው?» ብዬ የጠየቅኩት የመጀመሪያው ነጋዴ ቀና ብሎ ደብተሬን አየ፤ ከዚያ «ደረሰኝ እየቆረጥን ነው!» ብሎ ጮኸ። ለእኔ አልነበረም የጮኸው፤ ለጎረቤቶቹ ነው። ከሸማ ተራ እስከ ቦምብ ተራ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል። በደረስኩበት ሁሉ ካሽ ሬጅስተሩ ይንጫጫል፤ አንዱ ጭራሽ ወንበር አቅርቦ ሻይ አዘዘልኝ። ተማሪ ነኝ እንጂ ግብር ተቆጣጣሪ አይደለሁም ብል ማንም አያምንም። «መንገድ! መንገድ!» የሚል ተሸካሚ በቦንዳ ጨርቅ ገፍትሮኝ ባያልፍ ኖሮ ሳምቡሳም ይጨመርልኝ ነበር።

ያመኑኝ አንድ ሐጂ ብቻ ናቸው። ማባዣውን በደብተሬ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩና «36 ብርድ ልብስ በ1,475 ስንት ነው? አንተ በኢትዮጵያህ አምጣ፣ እኔ በራሴ ላምጣ» አሉኝ። እኔ 36፣ 18፣ 9 እያልኩ ስወርድ እሳቸው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ «በ1,500 ቢሆን 54 ሺህ፤ 25 በ36 ዘጠኝ መቶ፤ ቀንስ። 53,100» አሉ። ይህ ሃንድአውቱ ዲስትሪቢዩቲቭ ሎው የሚለው ነው። እኔም 53,100 ላይ ደረስኩ፤ ሆኖም ከኋላ ነው የደረስኩት። «ልጄ፣ አንተ እስክትገምስ ዕቃው ተሸጦ ያልቃል» ብለው ሸኙኝ።

የተረኩ ቄስ ትዝ አሉኝና ወደ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድኩ። ደጁ ላይ ጧፍና የጸሎት መጽሐፍ የሚሸጡ መሪጌታ አሉ። የጉድጓዱንና የጠጠሩን ነገር ነገርኳቸው። ሳቁ። «ጠጠር ምን ያደርግልናል?» አሉና በጣቶቻቸው አንጓ የዘመን አቆጣጠር ስሌት ጀመሩ። «5,500 ሲደመር 2018፣ 7,518። በ19 ግደፈው፤ 13 ይቀርሃል። አንዱን ለዘመኑ ተው፤ ወንበር 12። 12 በ11፣ 132፤ በ30 ግደፈው፤ አበቅቴ 12። 12 በ19፣ 228፤ በ30 ግደፈው፤ መጥቅዕ 18። ሁለቱ ተደምረው?» «ሠላሳ» አልኩ። «ያልሞላ እንደሆነ ተሳስተሃል ማለት ነው» አሉኝ።

እኔ ይህን ሴሚስተሩን ሙሉ ሞጁላር አሪትሜቲክ በሚል ስም ስማርና ስማረርበት ነበር! ድርሻውን ተወው፣ ቀሪውን ያዝ ማለት ነው። እሳቸው ጋ ግን መልሱን ራሱ የሚፈትሽ ድምርም አብሮ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስሌቱን ለእስክንድርያው ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጡታል፤ ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የሳይንስ ታሪክ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ስሌት አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። የእኛ ሃንድአውት ውስጥ ግን የገባው በሬው ነው።

የዲስክሪት መምህራን ሆይ፣ በሬውን ለኮሎኔሉ መልሱለትና በሚቀጥለው ፈተና ይህን አውጡልን፦ የ2019 ዓ.ም. አበቅቴና መጥቅዕ ስንት ናቸው? ድምራቸው ለምን ሁልጊዜ 30 እንደሚሆን አስረዳ። አምስት ነጥብ።