ወባ እንደሁ ቀጠሮ አትረሳም

ኧረ ስንቱን እንቻለው! በእኛ ቆላ፣ አብርሃ ጅራ ላይ መስከረም ሲጠባ ሰሊጡ ለአጨዳ ይደርሳል፤ የቀን ሠራተኛው ከደጋው በአይሱዙ ተጭኖ ይጎርፋል፤ ወባም አብራ ትነሳለች። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ጥግ ላይ ሻይ የምታፈላዋም ታውቀዋለች። የማያውቀው በጀቱ ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ ይጸድቃል፤ እስኪለቀቅ፣ ግዥው እስኪፈረም፣ መድኃኒቱ እስኪጫን ጥቅምት ይገባል። ደገኛው «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል፤ እኛ ዘንድ በጥቅምት አንድ አልጋ ለሁለት ነው። ከዚያ ወረርሽኙ ድንገት ተከሰተ ተብሎ ስብሰባ ይጠራል። እንዴት ያለ ድንገት ነው በየዓመቱ የሚመጣ?

ገንዘቡ የት እንደሚገባ የሚያውቁት የጤና ጣቢያ ሰዎች ናቸው። ጤና ጣቢያ ከመንግሥት በሚሰጠው ብቻ አይኖርም፤ በሽተኛው ለካርድ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት የከፈለውን የውስጥ ገቢ አድርጎ ይይዝና መልሶ መድኃኒት ይገዛበታል። የወረርሽኝ ሕክምና ግን ከክፍያ ነፃ ነው። መሆንም አለበት፤ ማንም አይከራከርም። ታዲያ ጓንቱስ? የጄኔሬተሩ ናፍጣስ? በዋልካው ጭቃ የሚያልቀው የአምቡላንስ ጎማስ? ከፍሎ የሚታከመው ሰልፉን አይቶ ወደ ግል ክሊኒክ ሲሄድ፣ በነፃ የሚታከመው ግቢውን ሲሞላ፣ ካዝናው ይራቆታል። ታኅሣሥ ላይ ምጥ ይዟት የመጣች ሴት ባሏ «ጓንት ከውጭ ገዝተህ ና» ይባላል። የጥቅምትን ወባ ዕዳ እሷ ከፈለች ማለት ነው።

ካላዛርማ ጣጣው ሌላ ነው። ሠራተኛው የሚያድረው ማሳው ዳር፣ ግራር ሥር ነው፤ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም መኖሪያዋ እዚያው፣ የዋልካው ስንጥቅ ውስጥ። ሲያተኩሰው ወባ ነው ተብሎ ኪኒን ይሰጠዋል። አልሻለውም፤ ድጋሚ የወባ። አሁንም አልሻለውም፤ ታይፎይድ ይሆናል። ጣፊያው አብጦ ቀበቶው አልደርስ ሲለው ነው ካላዛር የሚታሰበው። እስከዚያ ያለቀው ኪኒንና መመርመሪያ በማን ሂሳብ ይያዝ? የተለመደው ሕክምና ደግሞ በቀን ሁለት መርፌ፣ ለ17 ቀን ነው። መርፌው ነፃ ይሁን፤ የሚበላውስ? የአስታማሚውስ? የጤና መድህን አለው እንዳይባል ደብተሩ ቤተሰቡ ጋ፣ ደጋ ቀርቷል። አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች፣ ጎንደር ላይ የዩኒቨርሲቲው የካላዛር ማዕከል ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? መንገድ በተዘጋ ቀን ደግሞ እነሱም ሩቅ ናቸው።

በዚህ ላይ የጎረቤት እሳት። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ሕዝቡ በመተማ ዮሐንስ በር ገባ፤ ወራት ሳይቆይ ኩመር መጠለያ ላይ ኮሌራ ተነሳ። እንግዳ መቀበል ደንብ ነው፤ በእንግዳው አናማርርም። ግን ለኮሌራ ድንኳን ሲተከል አዲስ ነርስ አብሮ አይተከልም። ነርሱ ከሌላ ክፍል ይነሳል፤ የተነሳበት ክፍል የሕፃናት ክትባት ይሁን የነፍሰ ጡር ክትትል፣ ያ ሥራ ይጠብቃል።

የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መዝግቧል። ይህ ሁሉ ሰው ምርመራ ይፈልጋል፣ ኪኒን ይፈልጋል፣ የሚያየው ባለሙያ ይፈልጋል። ባለሙያው ሌሊቱን ሙሉ ግሉኮስ ሲሰቅል አድሮ የዱቲ ክፍያውን ሲጠይቅ «በጀት አልቋል» ይባላል። አንዱ ሲሰለቸው ለቅቆ ይሄዳል፤ የሚተካው እስኪቀጠር ደግሞ ሌላ መስከረም ይደርሳል።

የወባ ትንኝ መከላከያው የቤት ለቤት ርጭት ዘንድሮ እንኳ ሠራተኛው ሳይገባ ይለቅ ብለን ጠይቀን ነበር። ዕቅዱ ላይ አለ ተባልን። አምናም ዕቅዱ ላይ ነበር።